ጥሩነሽ እጇን ያወጣች ቀን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን። ስንት ዓመት ሙሉ እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ከጎረቤት ጋር መኳረፌን ስናዘዝ ይህችን አንዷን ግን ለሚቀጥለው እያልኩ አሳድሬያታለሁ። ለምን ብትሉኝ፣ እሳቸውም ያን ቀን እዚያው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ አሜን ካሉት አንዱ ናቸው። እንዴት ብዬ እጀምርላቸዋለሁ? አሁን ግን ደከመኝ። መሸከሙም ደከመኝ፣ ሰው ጋሼ እያለ ከመቀመጫው ሲነሣልኝ ሄጄ መቀመጡም ደከመኝ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ፤ ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኝ ይሆናል።

እኔ የሰፈራችን የእድር ዳኛ ነበርኩ። ከዚያ በፊት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነበርኩ፣ በአስተማሪነቴ የሚያስታውሰኝ ሰው ግን ጥቂት ነው። ሰው የሚያውቀኝ በምርቃቴ ነው። ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ «ጋሽ ይርዳው ይመርቁን» ይባላል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ድምፄ አይከፋም፤ ቃልም አይቸግረኝም። እኛ ዘንድ ደግሞ ስብሰባ የሚዘጋው ሊቀመንበሩ ተዘግቷል ስላለ አይደለም፤ ሽማግሌ ተነሥቶ ሲመርቅ ነው። ሕዝቡ ቆሞ፣ መዳፉን ዘርግቶ አሜን ካለ በኋላ ተመልሶ ተቀምጦ ሌላ ነገር የሚያነሣ የለም። ቢያነሣ ነውር ነው፤ ምርቃቱን እንዳፈረሰ ይቆጠርበታል። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፣ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን። እኔም አውቀው ነበር። የበደልኩትም በዚሁ በማውቀው ነገር ነው።

ከሰፈራችን ታች በኩል የድሮ የእርሻ መድኃኒት መጋዘን ነበር። ለተምች የሚረጨው፣ ለአንበጣ የሚረጨው፣ ጊዜው ያለፈበት ሳይቀር እዚያ ይከማች ነበር። ሰፈርተኛው «መድኃኒት ግቢ» ይለዋል። ዝናብ ሲመታው ሽታው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ድረስ ይመጣል፤ እኛ ለምደነው ነበር፣ እንግዳ ሲያስነጥስ ነበር የሚታወሰን። ባጃጅ ገና በከተማችን ሳይበዛ፣ ጭምብልና ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች መጥተው በርሜሎቹን ጭነው ወሰዱ። መጋዘኑ ፈረሰ፤ ግቢው ባዶውን ቀረ። በከተማው መሀል ያን የሚያህል ክፍት መሬት ሲገኝ ዓይኑን ያልጣለበት ሰው የለም። ማዘጋጃ ቤቱ እቅድ አወጣ፤ ከፊት ለፊቱ ለእድራችን አዳራሽ፣ ከጓሮው ቤት ለሌላቸው ሰዎች በዕጣ የሚታደል መኖሪያ ቦታ። ግን አስቀድሞ ሕዝቡ ይወያይበት ተባለ።

ያን አዳራሽ እንዴት እንደምፈልገው ልንገራችሁ። ሰበብ እንዳይመስላችሁ፤ እንድታውቁት ብቻ ነው። ባለቤቴ የሞተችው ክረምት ላይ ነው። የእድራችን ድንኳን አርጅቶ ነበር፤ ሐዘን ተቀምጠን ሳለ ዝናቡ ወረደና ምሰሶው ተገንድሶ ሸራው ከነውኃው በለቀስተኛው ላይ ወደቀ። ሽማግሌዎች በጭቃ ውስጥ ሲድሁ፣ ሴቶች ነጠላቸውን ሲጨምቁ አየሁ። ሰው እያለቀሰ ይስቅ ነበር፤ እኔ አልሳቅሁም። ያን ዕለት ይህ ሰፈር ሙታኑን ጣራ ሥር ሆኖ የሚያለቅስበት ቤት ሳልሠራለት አልሞትም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ከዚያ ወዲያ ያልለመንኩት ሹም፣ ያላንኳኳሁት ቢሮ የለም።

የስብሰባው ዋዜማ እሁድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ጥሩነሽ ቤቴ መጣች። ጥሩነሽ የመጋዘኑ ዘበኛ የነበረው ሰው ሚስት ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ቤቷ ከግቢው የጓሮ አጥር ጋር የተያያዘ ነው፤ ጎመንና ሽንኩርት እያበቀለች ጉልት ትቸረችራለች። ዓይነ አፋር ሴት ናት፤ ከበሩ መቃን ተጠግታ ቆመች እንጂ «ግቢ፣ ተቀመጪ» እያልኳት እንኳ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ነገ ስብሰባው ላይ አንድ ነገር ልናገር ነበር» አለችኝ። «ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። እርስዎ ዕድሉን ያሰጡኝ እንደሆን ብዬ ነው።»

ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ባሏ በሕይወት ሳለ አንድ ክረምት በርሜሎች ማፍሰስ ጀመሩ አለችኝ። ከላይ ሰው ለጉብኝት ይመጣል ሲባል የሚያፈሱትን በርሜሎች ከነውስጣቸው ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯቸው። ባሏም ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነበር። ለሰው እንዳትናገሪ፣ ከሥራ ያባርሩኛል ብሏት ዝም አለች። እነዚያ ነጭ ቱታ የለበሱት ሲመጡም የወሰዱት መጋዘኑ ውስጥ ያገኙትን ብቻ ነው፤ ስለ ጓሮው የነገራቸው የለም።

«እዚያ ቦታ ሣር አይበቅልም፣ አይተውታል» አለች። «ሰው ሊያሰፍሩበት ነው አሉ። እንዴት ዝም እላለሁ? የባሌን ነፍስም እኮ ነው የማስጨንቀው።»

«በይ ነገ እጅሽን አውጪ፤ እኔ እናገርልሻለሁ፣ ዕድሉን ታገኛለሽ» አልኳት። በዚያች ሰዓት ከልቤ ነበር። ከማመስገኗ ብዛት እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ተቀምጬ አሰብኩ። ምነው ባላሰብኩ ኖሮ።

ይህ ነገር ከተነገረ ግቢው ይታጠራል አልኩ። እንደገና ይመርመር ይባላል፤ መርማሪው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ እቅዱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ያንን ያጸደቀው ሹም ይዛወራል፣ አዲሱ ከሥር ይጀምራል። የመንግሥት ቢሮ ስመላለስ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ እንዴት እንደሚሆን አውቀዋለሁ። አዳራሹን በዓይኔ ሳላየው መሞቴ ነው። ታዲያ የእኛ ቦታ ከፊት ለፊት ነው፣ ጓሮው ሩቅ ነው አልኩ። አዳራሹ ይሠራ፤ ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ ሄጄ ስለ ጓሮው እነግራቸዋለሁ አልኩ። ተንኮል መሆኑን ያኔ አላወቅሁም ነበር ብላችሁ እንዳታምኑኝ። አውቄው ነበር፤ ስም አሳምሬ አወጣሁለት እንጂ።

በማግሥቱ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሁዳዴ ነበር፤ እህል ያልቀመሰ ሰው ነው የተሰበሰበው። ከዞን የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ነገሩን አስረዳ። ልጁ ጨዋ ነው፤ አልዋሸንም። የመረመርነው መጋዘኑ የቆመበትን ወለል ብቻ ነው አለ። አፈሩ ተቆፍሮ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይወገድ ወይስ ላዩ በገረጋንቲ ተደልድሎ ይሠራበት፣ እናንተ ሐሳብ ስጡበት አለ። ቀጥሎም «እኛ ከውጭ የመጣን ነን። ስለዚህ ግቢ ከእኛ የተሻለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የምታውቁት ነገር ካለ እባካችሁ ንገሩን፤ ለዚህ ነው የመጣሁት» አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ሰውን ሁሉ ይዞር ነበር። እኔ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር እንደማስር ሆንኩ።

ሰው ስለ አፈር አልተናገረም። ዕጣው መቼ ይወጣል፣ ዝምድና እንዳይገባበት፣ መብራት ይገባል ወይ፣ አጥሩ በማን ነው፤ ወሬው ይኸው ነበር። አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ ሌላ ሰፈር ቦይ ተናገረ። ሌላው ያንኑ ደገመው። ሰዓቱ ነጎደ፤ ጾመኛ ሆዱ ይጮኻል፤ ከኋላ ያሉት መነሣሣት ጀመሩ። ሊቀመንበሩ «ሌላ አስተያየት አለ?» አለ።

ጥሩነሽ እጇን አወጣች።

ከሴቶቹ መካከል ከኋላ ነበረች። እጇን ሙሉ በሙሉ እንኳ አላወጣችውም፤ ክርኗን ጎኗ ላይ አጣብቃ መዳፏን ብቻ ከነጠላዋ ብቅ አደረገችው። የምታየው ግን ሊቀመንበሩን አልነበረም፤ እኔን ነበር የምታየው። ሊቀመንበሩ አላያትም። ወደ እኔ ዞረ፤ ልቀጥል ወይስ ይብቃ ማለቱ ነው። አንዲት ቃል በቂ ነበረች። «እዚያ ጋ አንድ እጅ አለ» ብል ምን ነበረበት? አራት አምስት ቃል። እኔ ቃል የማይቸግረኝ ሰው።

ተነሣሁ። ጋቢዬን አስተካከልኩና መዳፌን ዘረጋሁ። «እንግዲህ ያስጀመረን አምላክ ያስፈጽመን» አልኩ።

ሕዝቡ ግር ብሎ ቆመ። «አሜን።»

«ቦታውን የበረከት ያድርግልን። የሚገባበት ሰው በጤና ይግባ፣ ልጅ ይዳርበት፣ ሽማግሌ ይጦርበት። ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርልን።»

እንዲህ አልኩ። ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርልን አልኩ፣ ክፉው የተቀበረበትን እያወቅሁ። ያን ቀን እንደመረቅሁ መርቄ አላውቅም፤ ቃሉ እንደ ውኃ ይወርድልኝ ነበር። ባለሙያው ልጅ እንኳ ወረቀቱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ እንደ ሰዉ መዳፉን ዘረጋ። ጥሩነሽንም አየኋት። ላለማየት ብጥርም አየኋት። ለመናገር ያወጣችው እጅ መጀመሪያ ባለበት ቆየ፤ ግራና ቀኟ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲመረቅ እንደዚያ ይዛው መቆየት አልቻለችም። ቀስ ብላ አወረደችው፤ ሁለተኛውን ጨመረችበትና መዳፏን ወደ ሰማይ ገለበጠች። ከንፈሯም ከሰው ጋር አሜን አለ።

እኔ ነኝ አሜን ያስባልኳት። ሌላ ሰው አይደለም። ዝም በይ ብላት ይሻል ነበር፤ ዝም በይ የተባለ ሰው ቢያንስ ተበድያለሁ ብሎ ይጮኻል። እኔ ግን በገዛ አፏ በራሷ ላይ አስፈረምኳት።

በር ላይ ጠብቃኝ ነበር። ሰዉ እጄን እየሳመ አልፎ እስኪያልቅ ቆመች። እኔም ቀድሜ «ጥሩዬ፣ ሰዓቱ ሄደብን እኮ፤ ነገሩን እኔው ለባለሙያው እነግረዋለሁ» አልኳት።

«አሜን ብያለሁ ጋሼ» አለችኝ። «ከእንግዲህ ምን እላለሁ?»

ለባለሙያው አልነገርኩትም። በማግሥቱ ልሄድ ነበር፣ አልሄድኩም። አዳራሹ መሠረቱ ሲጣል ልሄድ ነበር፣ አልሄድኩም። ግድግዳው ሲቆም ቆርቆሮው ይምታ አልኩ፤ ቆርቆሮው ሲመታ በሩ ይገጠም አልኩ። ጓሮውም በገረጋንቲ ተደለደለ፤ ባሕር ዛፉም ተቆረጠ፤ ደማቅ ቀይ መሬት ሆነና አማረ።

ጥሩነሽ ግን አሜን ብላም ዝም ማለት አላስቻላትም። ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ቦታቸውን ለማየት ሲመጡ ጉልቷን ትታ እየሄደች አንድ በአንድ ትነግራቸው ነበር። ሰው እንዴት ሰማት መሰላችሁ? «የተመረቀ መሬት ላይ ታሟርታለች» አለ። ድሮ ቢሆን ምስክር ትባል ነበር፤ ከእኔ ምርቃት በኋላ ሟርተኛ ሆነች። ዕጣ ስላልደረሳት ቀንታ ነው ያሉም ነበሩ። ከእሷ ሽንኩርት መግዛት ተዉ። አንድ ቀን እድር ላይ ስሟ ተነሥቶ «ጋሽ ይርዳው፣ ይምከሯት እንጂ» ሲሉኝ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? «ሐዘን ጎድቷት ነው፣ ተዉአት» አልኩ። ሰዉ ደግነቴን አደነቀ። በዚያው ዓመት ቤቷን ዘግታ ቁይ ከተማ ወዳለችው እህቷ ሄደች።

የባሕር ዛፉ ቦታ በዕጣ የደረሰው ለምናሉ ነው። ምናሉ አናጢ ነው፤ የአዳራሻችንን አግዳሚ ወንበሮች ሁሉ የሠራው እሱ ነው፣ ለእድሩ ነው ብሎ በነፃ። አዲስ ሙሽራ ነበር ያኔ፤ የጥሩነሽን ነገር እሱም እንደ ሰዉ ሟርት ነው ብሎ ትቶታል። ቦታውን በገመድ ሲለካ በዚያ አለፍኩ። ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ሽንት ቤቱን ከዚህ ጥግ ልቆፍረው፣ ቤቱን ወደዚያ ላድርገው፣ ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። ያሳየኝ ጥግ ጥሩነሽ የነገረችኝ ነው። ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። «እሱማ አንተ ታውቃለህ፣ አናጢው አንተ» ብዬው አለፍኩ። ስብሰባው ላይ ሕዝብ ነበረ፣ ሊቀመንበር ነበረ፣ አዳራሽ ነበረ። እዚህ ግን እኔና እሱ ብቻ ነበርን፤ አዳራሹም ተሠርቶ አልቋል። ታዲያ እዚህስ ምን ልበል?

ሲቆፍር የዶማው ጫፍ በርሜል ላይ አረፈ። በርሜሉ በስብሶ ነበርና ፈነዳበት፤ በውስጡ የቀረው ፊቱ ላይ ተረጨ። ጎረቤት ስቦ አወጣው፤ ሆስፒታል ሰነበተ። ነፍሱ ተረፈች። ዓይኖቹ ግን ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያዩም። ከዚያ ወዲያ ቦታው ታጠረ፤ ሰዎች መጡ፤ አፈሩ ተቆፍሮ በመኪና ተጫነ። በመጨረሻ ጥሩነሽ የፈለገችው ሆነ። ሚስቱ አሁን በየገበያው እየዞረች ትነግዳለች፤ እሱ መዶሻውን ሸጧል።

ይህ ከሆነ ከዓመታት በኋላ በሚኒባስ ተሳፍሬ ቁይ ሄድኩ። ጥሩነሽ አርጅታለች። በክብር ተቀበለችኝ፣ ውኃ አቀረበችልኝ፣ እግርዎን ልጠብ አለችኝ። የመጣሁበትን ልጀምር ስል እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«እዚህ አይንገሩኝ ጋሼ» አለች። «እዚህ የሚሰማዎት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አውቀዋለሁ። አፌን የዘጉት ሰው ፊት ነው። ይቅርታውንም እዚያው ይበሉት። ያኔ እኔም ይቅር እላለሁ።»

ክፋት የለበትም አነጋገሯ። የደከማት ሰው ነው የምትመስለው፣ እንደ እኔው።

በወሩ እድሩ ሲሰበሰብ ልናገር ቆርጬ ሄድኩ። ዳኝነቱን ለሌላ አስረክቤ ነበር፤ ፊት ለፊት ግን አስቀመጡኝ። ጉዳዩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ተነሣሁ። ገና ስነሣ ሰዉ ሁሉ አብሮኝ ተነሣ፤ መዳፉን ዘረጋ። ሊመርቅ ነው ብሎ ነው። «አይደለም፣ ተቀመጡ፣ የምነግራችሁ አለኝ» ማለት ነበረብኝ። ከፊቴ ምናሉ አለ፣ ያ የማያይ ዓይኑን ወደ ድምፄ አቅንቶ፣ እጁን ከሁሉ በላይ ዘርግቶ። ከዚያም አፌ የለመደውን ጀመረ። መረቅኋቸው። አዎ፣ መረቅኋቸው፣ እንደገና።

ስንወጣ ምናሉ ክንዴን ያዘ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምወስደው እኔ ነኝ፤ ሚስቱ ገበያ ስለምትውል ነው። ሰው ይህን አይቶ ጽድቅ ይለዋል። «ጋሼ» አለኝ፣ «ሁልጊዜ ልነግርዎ እልና እረሳዋለሁ። ያ በርሜል ሲፈነዳ ሐኪሞቹ መትረፉ ይገርማል ብለው ነበር። እኔ ግን አልገረመኝም። እርስዎ የመረቁት መሬት ባይሆን ኖሮ ያን ዕለት ሞቼ ነበር።»

«ቀስ በል፣ ደረጃ ነው» አልኩት።

ከዚህ ወዲያ ሰበብ የለኝም። አላወቅሁም ልበል? አውቄ ነበር። ፈራሁ ልበል? የሚያስፈራኝ ሰው አልነበረም። ለሰፈሩ ብዬ ነው ልበል? ምናሉም የሰፈሩ ሰው ነው፣ ጥሩነሽም የሰፈሩ ሰው ናት። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። አሁን የነገርኳችሁ አንድ ጊዜ እንኳ ከአፌ እንዲወጣና ቃሉን እንድለምደው ነው።

በሚመጣው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ገና ከዐጸዱ ሳይበተን፣ ቆሜ እናገራለሁ። ማንም እንዳይነሣ አስቀድሜ እለምናለሁ፤ ጥሩነሽ የነገረችኝን ራሷ እንደነገረችኝ አድርጌ እናገራለሁ፤ ከዚያ የእኔን። ምናሉ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ስጨርስ ምን እንደሚለኝ አላውቅም፤ ምንም ቢለኝ ይገባኛል። የሚከብደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሚስቱ ገበያ ናት፤ መንገዱም አባጣ ጎርባጣ ነው፤ ሁሉን ከሰማ በኋላም ያን ሰው ክንዴን አስይዤ ወደ ቤቱ የምመልሰው እኔው ነኝ።